ጠበቃው ከንቲባ፦ ፊዮሬሎ ላጋርድያና የኒውዮርክ ከተማ



የመሐንዲስ ሥራ በዐይን የሚታይ ነው። ድልድዩ ቆሞ፣ ውሃው በቧንቧ ወርዶ፣ መንገዱ ተነጥፎ ሲገኝ ማንም መንገደኛ ሊመሰክርለት ይችላል። ከሥራው በፊት የነበረው ወረቀት ግን ለመንገደኛ አይታይም። መሬቱ በማን ስም እንደ ነበረ፣ ገንዘቡ ከየትኛው ምንጭ እንደ ተፈቀደ፣ ጨረታው እንዴት እንደ ተከፈተ፣ ዕቃውን ማን መርምሮ እንደ ተረከበ፣ ሠራተኛው ሲጎዳ ማን እንደሚጠየቅ፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው ሕግና ሕጉን የያዘው ሰው ነው። ወረቀቱ የተበላሸ እንደ ሆነ የመሐንዲሱ ስሌት የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ሥራው ወይ አይጀመርም፤ ወይም ተጀምሮ ይቆማል።

ይህን ነገር በአንድ ሰው ሕይወት ለማየት ከተፈለገ የፊዮሬሎ ላጋርድያን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ስሙን ብዙ መንገደኛ የሚያውቀው በኒውዮርክ ከሚገኝ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሰውየው ግን አውሮፕላን ማረፊያ ከመሆኑ በፊት አስተርጓሚ፣ ጠበቃ፣ የሕዝብ እንደራሴ፣ በመጨረሻም ለ12 ዓመታት የኒውዮርክ ከንቲባ ነበር። በሀገር አቀፍ ፖለቲካም በከተማ አስተዳደርም ስሙን ያስጠራ የሕግ ሰው ብዙ አይገኝም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነቱ ትምህርት

ላጋርድያ በዲሴምበር 11 ቀን 1882 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከደቡብ ኢጣሊያ የመጣ ሙዚቀኛ፣ እናቱ ደግሞ በትሪየስቴ ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለደች ነበረች። አባቱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሙዚቃ ጓድ አለቃ ሆኖ ያገለግል ስለ ነበር ልጁ ያደገው በአሪዞና በረሓ በነበሩ የጦር ሰፈሮች ነው።

በዚያ ዕድሜው ያያቸው ሁለት ነገሮች እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቁትም። የመጀመሪያው በአካባቢው ይዘረጋ የነበረው የባቡር ሐዲድ ነው። ሥራው በዶማና በአካፋ፣ በድሃ ስደተኞች ጉልበት ይካሄድ ነበር። ሠራተኛው የተጎዳ እንደ ሆነ ከሥራው ይሰናበታል እንጂ የሚክሰው አልነበረም፤ የሞተ እንደ ሆነም ለዘመዶቹ የሚያረዳ አይገኝም ነበር። ሁለተኛው የቤቱ ኀዘን ነው። በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር በተዋጋች ጊዜ አባቱ ለወታደሮች የቀረበ የተበላሸ የቆርቆሮ ሥጋ በልቶ ታመመ፤ ከጦሩም ተሰናብቶ በ1904 ሞተ። ልጁ ለዚህ ሞት ተጠያቂ ያደረጋቸው ለመንግሥት የማይረባ ዕቃ እየሸጡ የከበሩትን አቅራቢዎችና አይቶ እንዳላየ ያለፋቸውን ተረካቢ ነው። ሰውየው በኋላ ዘመን በጨረታና በርክክብ ጉዳይ ለምን እንደዚያ ይቈጣ እንደ ነበር ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከዚህ ይገኛል።

ከአባቱ ሕመም በኋላ ወጣቱ በአውሮፓ በአሜሪካ ቆንስላዎች ተቀጠረ፤ በፊዩሜ ወደብም የቆንስላ ወኪል ሆነ። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ስደተኞች ያላቸውን ሸጠው ተሳፍረው፣ ባሕር ተሻግረው፣ እዚያ ሲደርሱ በሐኪም ተመርምረው በዐይን ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ይመለሱ ነበር። ላጋርድያ ግን ምርመራው መርከቡ ከመነሣቱ በፊት በፊዩሜ ይደረግ አለ። የመርከብ ኩባንያዎቹ ተቃወሙት፤ አለቆቹም አልወደዱለትም፤ እርሱ ግን ያለ ምርመራ ወረቀት አልፈርምም ብሎ ጸና። አንድ ጊዜም አንዲት የኦስትሪያ ልዕልት የስደተኞችን መሳፈር ለማየት በመፈለጓ ሰዎቹ መርከቡ ከሚነሣበት ቀን አስቀድመው እንዲጫኑ ቢታዘዝ እምቢ አለ። ለልዕልት መዝናኛ ተብሎ ሰው በመርከብ ውስጥ ታጉሮ ለቀናት አይሰነብትም ማለቱ ነበር።

በ1906 ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ ከ1907 እስከ 1910 ድረስ በኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ አስተርጓሚ ሆነ። ቀን ኢጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ክሮኤሽኛ ሲያስተረጕም ይውላል፤ ማታ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማራል። በ1910 ተመርቆ የጥብቅና ፈቃድ ሲያገኝ ደንበኞቹ እነዚያው ያስተረጕምላቸው የነበሩት ድሆች ሆኑ። በ1912 እና በ1913 የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜም ጠበቃቸው ሆኖ ቆመላቸው።

በሀገር አቀፍ ምክር ቤት

በዚያን ዘመን ኒውዮርክን ያዝዝ የነበረው «ታማኒ ሆል» የሚባለው የዴሞክራቲክ ፓርቲ የከተማ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ለስደተኛው ሥራ ይፈልግለታል፤ በክረምት ከሰል ይልክለታል፤ በምርጫ ቀን ደግሞ ድምፁን ይቀበለዋል። የከተማው ሥራና ውል ሁሉ በዚሁ መንገድ ይታደል ነበር። ላጋርድያ ይህን ስላልወደደ ወደ ሪፑብሊካን ፓርቲ ገባ። በ1914 ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በ1915 የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ምክትል ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ በ1916 እንደገና ተወዳድሮ ለኮንግሬስ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ተመረጠ። በ1917 ወጣቶች ለጦርነቱ እንዲመለመሉ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ራሱ ዘመተ፤ አባቱ በተወለደበት አገር በፎጂያ የአሜሪካ አውሮፕላን ነጂዎችን አዝዞ በሻለቅነት ማዕርግ ተመለሰ።

በ1919 የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የከተማውን በጀትና የሥራ ውል አሠራር ከውስጥ ያየው በዚህ ጊዜ ነው። በ1921 ለከንቲባነት ለመወዳደር ቢፈልግም የራሱ ፓርቲ አልመረጠውም። በዚያው ዓመት ሕፃን ልጁና ሚስቱ በተከታታይ ሞቱበት፤ ሚስቱን የገደላት በዚያን ዘመን ጠባብና ጨለማ በሆኑ የድሆች ቤቶች እንደ ልብ ይዛመት የነበረው የሳንባ ነቀርሳ ነው። በኋላ የድሆች መኖሪያ ጉዳይ ሲነሣ ድምፁ ይለወጥ ነበር ቢባል አያስደንቅም።

ከ1923 እስከ 1933 ድረስ የምሥራቅ ሀርለም እንደራሴ ሆኖ እንደገና በኮንግሬስ አገለገለ። በ1924 የወጣውን የስደተኞች ኮታ ሕግ ተቃወመ። በመጠጥ ክልከላው ዘመን፣ በ1926፣ በጋዜጠኞች ፊት በሱቅ የሚሸጡ ሁለት የተፈቀዱ መጠጦችን ቀላቅሎ ቢራ ሠራ፤ ሊፈጸም የማይችል ሕግ ሕግ እንዳይደለ ለማሳየት ነው። በቴነሲ ወንዝ ላይ በማስል ሾልስ መንግሥት የሠራው ግድብና የኃይል ማመንጫ ለሄንሪ ፎርድ እንዲሰጥ በተጠየቀ ጊዜም ከሴናተር ጆርጅ ኖሪስ ጋር ሆኖ ተከላከለ። ግድቡ በሕዝብ እጅ ቀርቶ በ1933 ለተቋቋመው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን መነሻ ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን በማርች 1932 የወጣው የኖሪስና የላጋርድያ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አሠሪው ሠራተኛውን ሲቀጥር የሠራተኛ ማኅበር ላለመግባት ያስፈርመው ነበር። ማኅበር ሊያቋቁም የሚመጣ ሰው ሲገኝ አሠሪው ውሌ ሊፈርስብኝ ነው ብሎ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ዳኛውም ብዙ ጊዜ ሌላውን ወገን ሳይሰማ የእግድ ትእዛዝ ይሰጣል፤ እግዱን የጣሰ ሰው ፍርድ ቤት እንደ ደፈረ ተቈጥሮ ይታሠራል። አዲሱ ሕግ እንዲህ ያለው ውል በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዳይጸና አደረገ፤ የእግድ ትእዛዝም ምስክር ሳይሰማ እንዳይሰጥ ከለከለ። በአሪዞና የሐዲድ ሠራተኞችን ያየው ልጅ በ49 ዓመት ዕድሜው መልሱን በሕግ አንቀጽ ጻፈ ማለት ይቻላል። ሆኖም በዚያው ዓመት በኖቬምበር በተደረገው ምርጫ ወንበሩን አጣ።

በማዘጋጃ ቤት

ላጋርድያ በ1929 ለከንቲባነት ተወዳድሮ በጂሚ ዎከር በከፍተኛ ልዩነት ተሸንፎ ነበር። በዚያ ውድድር ስለ ጉቦና ስለ ዳኞች ሹመት የተናገረውን ሕዝቡ አልሰማውም። ዳኛ ሳሙኤል ሲበሪ የመራው ምርመራ ግን ነገሩን ገለጠው፤ ዎከርም በሴፕቴምበር 1932 ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1933 ሪፑብሊካኖችና የለውጥ ደጋፊዎች ተባብረው ላጋርድያን አቀረቡት፤ የተቃዋሚው ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ ስለ ነበር አሸነፈ። በጃንዋሪ 1934 ሥራውን ሲጀምር ከተማዪቱ ለባንኮች ባለ ዕዳ፣ ገንዘብ ቤቷ ባዶ፣ ሥራ አጡም ለቊጥር የበዛ ነበር።

ይህ ጠበቃ ኀላፊነቱን ሲረከብ ያደረገው ነገር ለመሐንዲሶች ማኅበር ተገቢ ትምህርት አለው። በመጀመሪያ ድልድይ አልጀመረም፤ ወረቀቱን አቃና። ወጪ ለመቀነስ የሚያስችለውን ሕግ ከክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ታግሎ አወጣ። ሹመትና ቅጥር በፓርቲ ዝምድና መሆኑ ቀርቶ በፈተና እንዲሆን አደረገ። የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችን የመረጠው የየትኛው ፓርቲ አባል እንደ ሆኑ ሳይሆን ሥራውን ማወቃቸውን እየጠየቀ ነው። ከዚህም የተነሣ የተጣለው የመጀመሪያ መሠረት በባንኮችና በፌዴራል መንግሥት ዘንድ የከተማዪቱ ስም መታመኑ ሆነ።

ይህ መታመን ወዲያው ፍሬ ሰጠ። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለመስጠት ብዙ ገንዘብ ለሕዝብ ሥራ መድቦ ነበር። ብዙ ከተሞች ገንዘቡ ሲፈቀድ ፕላን መፈለግ ሲጀምሩ ኒውዮርክ ግን በመሐንዲሶች ተሠርቶ የተጠናቀቀ ፕላን ይዛ ትቀርብ ነበር። ላጋርድያ ራሱ ፓርቲው የተለየ ቢሆንም በየጊዜው ዋሽንግተን እየተመላለሰ ጉዳዩን ያስረዳል። በሀገር አቀፍ ምክር ቤት የቈየበት ዘመን በከተማ አስተዳደር የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ የገንዘቡ በር የት እንዳለ፣ ማን እንደሚከፍተው ያውቅ ነበርና። ከ1935 እስከ 1945 የአሜሪካ ከንቲባዎች ጉባኤ ፕሬዚዳንት መሆኑም ክንዱን አጠነከረለት።

የትራይቦሮ ድልድይ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ማንሃታንን፣ ብሮንክስንና ኩዊንስን የሚያገናኘው ይህ ሥራ የተጀመረው በኦክቶበር 1929 የአክሲዮን ገበያው በወደቀበት ሰሞን ነበር፤ ገንዘብ ስላጠረም ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመው ቀሩ። በላጋርድያ ዘመን ሥራው እንደገና ሲጀመር ዋናው መሐንዲስ ኦትማር አማን ፕላኑን አሻሻለው፤ ባለ ሁለት ፎቅ እንዲሆን የታቀደውን የተሽከርካሪ መንገድ ወደ አንድ ፎቅ አወረደው፤ በዚህም ብረቱ ቀለለ፣ ወጪውም ቀነሰ። ድልድዩ በጁላይ 11 ቀን 1936 ተከፈተ። ከ2008 ጀምሮ በሮበርት ኬኔዲ ስም ተጠርቷል።

የአውሮፕላን ማረፊያው ታሪክ ደግሞ የጠበቃውን ጠባይ ያሳያል። በ1934 ላጋርድያ የተሳፈረበት አውሮፕላን በጎረቤቱ ክፍለ ግዛት በኒውአርክ ሲያርፍ፣ ቲኬቴ ኒውዮርክ ነው የሚለው ብሎ አልወርድም አለ፤ አየር መንገዱም ብሩክሊን ወደሚገኘው ማረፊያ ወሰደው። ብዙዎች ሣቁበት። እርሱ ግን ቲኬቱን እንደ ውል አንብቦት ነበር። ከዚያ በኋላ በኩዊንስ የባሕር ዳርቻ፣ ከሪከርስ ደሴት በተጓጓዘ የቆሻሻ ሙሌት ጭምር መሬቱ ተሞልቶ፣ በፌዴራሉ የሥራ መስጫ ድርጅት ገንዘብና ሠራተኞች አዲሱ ማረፊያ ተሠራ፤ በኦክቶበር 15 ቀን 1939ም ተመረቀ።

ሌላውን በአጭሩ ለመናገር፣ በ1934 የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1935 የመጀመሪያዎቹ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ተከፈቱ። በ1936 ሕዝቡ አዲስ የከተማ ቻርተር አጸደቀ፤ በ1938 በሥራ ላይ ሲውልም የከተማ ፕላን ኮሚሽን አቋቋመ። በ1940 ከተማዪቱ ሁለቱን የግል የምድር ባቡር ኩባንያዎች በ326 ሚሊዮን ዶላር ገዝታ ከራሷ መሥመር ጋር አዋሐደች። በጁላይ 1945 የጋዜጣ አዳዮች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከንቲባው የሕፃናቱን ሥዕላዊ ተረት በራዲዮ ማንበቡ ብዙ ይወሳል፤ ነገር ግን የሚታወስበት ተገቢው ነገር ይህ ብቻ አይደለም።

ጉድለቱ

ሰውን ማመስገን ብቻ ትምህርት አይሆንም፤ በተለይም ለኢትዮጵያ አድማጭ ሊታለፍ የማይችል አንድ ነገር አለ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. በመስከረም ወር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ወረራዋን ስትጀምር፣ ኒውዮርክ በጥቁሮችና በኢጣሊያ ተወላጆች መካከል ተከፈለች። በሀርለም ለኢትዮጵያ ሰልፍ ሲደረግ፣ የከተማዪቱ ከንቲባ የኢጣሊያ ተወላጆች በዲሴምበር 1935 ለኢጣሊያ ቀይ መስቀል ገንዘብ ለማሰባሰብ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ባደረጉት ትልቅ ስብሰባ ላይ ተገኘ። በዚያው ወር መጀመሪያ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበው የአሜሪካ ሆስፒታል ሳይቀር መትተው ነበር። ላጋርድያ ፋሺስት አልነበረም፤ በ1937 ሂትለርን በአደባባይ አዋርዶ ተናግሮ የጀርመን መንግሥት አቤቱታ እስከሚያቀርብ ድረስ የደፈረ ሰው ነው። ግን ከሂትለር ጋር የሚቆም መራጭ በኒውዮርክ ጥቂት ነበር፤ ለኢጣሊያ የሚያጨበጭብ መራጭ ግን ብዙ ነበር። ፍትሕን የሚያውቅ የሕግ ሰው የድምፅ ቊጥር ሲያይ ምላሱ እንደሚታሠር ይህ ያስረዳል።

በቤቱም ውስጥ እንዲሁ ሆነ። በማርች 1935 በሀርለም ሁከት ተነሥቶ ነበር። ከንቲባው መንስኤውን የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑ በሥራ፣ በቤት፣ በሆስፒታልና በፖሊስ ረገድ የሚደርሰውን በደል ሲያቀርብ ግን ሪፖርቱን አላወጣውም። በ1936 ያተመው አንድ የጥቁሮች ጋዜጣ ነው። በ1944ም ከማጎሪያ የሚወጡ የጃፓን ተወላጅ አሜሪካውያን በኒውዮርክ እንዳይሰፍሩ ተቃውሟል፤ የስደተኛ ልጅና የስደተኛ ጠበቃ ከነበረ ሰው ይህ አይጠበቅም ነበር።

ሦስተኛው ጉድለት ሙያውን የሚነካ ነው። ብዙዎቹን ሥራዎች በእጁ የያዘው ሮበርት ሞዘስ መሐንዲስ ያልነበረ፣ ግን መሐንዲሶችን ማዘዝ የሚያውቅ ባለ ሥልጣን ነበር። በ1934 መጨረሻ ዋሽንግተን ሞዘስን ከድልድዩ ባለሥልጣን እንዲያስወጣ ከንቲባውን በገንዘብ አስገድዳው ነበር፤ ሕዝቡ ስለ ተቃወመ ነገሩ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን ሞዘስ የድልድዩ ባለሥልጣን የቀድሞ ዕዳውን ከፍሎ ከመፍረስ ይልቅ አዲስ ቦንድ እየሸጠ፣ የድልድዩን ክፍያ እየሰበሰበ እንዲቀጥል የሚያስችል የሕግ ማሻሻያ አረቀቀ። ማሻሻያው ሲያልፍ ትርጉሙን በጥንቃቄ ያነበበ ብዙ አልነበረም። ከቦንድ ገዢ ጋር የተደረገ ውል በሕግ የማይደፈር በመሆኑ ባለሥልጣኑ ከከንቲባውም ከመራጩም ቊጥጥር ወጣ። የአውሮፕላን ቲኬቱን እንደ ውል ያነበበ ጠበቃ ይህን ውል እንደዚያ ሳያነበው ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡ ከንቲባዎች ዋጋውን ከፍለውበታል፤ በአውራ ጎዳናዎቹ መንገድ ላይ ቤታቸው የፈረሰባቸው ነዋሪዎችም እንዲሁ።

የመጨረሻው ዘመን

ላጋርድያ በ1945 እንደገና አልተወዳደረም። በ1946 በጦርነት ለተጎዱ አገሮች እርዳታ የሚያደርሰው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ አስተዳደር ዋና ዲሬክተር ሆነ። ኢትዮጵያ ይህን ድርጅት በ1943 ከመሠረቱት 44 መንግሥታት አንዷና የእርዳታውም ተካፋይ ነበረች። በ1935 ዝም ያለላት ሰው ከ11 ዓመት በኋላ እህልና መድኃኒት የሚያድለውን ቢሮ መምራቱ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

በዚህ ዘመን የታየ አንድ ነገር ግን ሰውየውን ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይገልጸዋል። እኅቱ ጄማ በናዚዎች እጅ በራቨንስብሩክ ማጎሪያ ታሥራ ከጦርነቱ ተርፋ ነበር። ቤት አልባ ሆና በበርሊን ስትገኝ ወንድሟ በአንድ ደብዳቤ ከሰልፉ ሊያስቀድማት ይችል ነበር። እርሱ ግን ገንዘብ ይልክላት ነበር እንጂ እንደ እርስዋ ያሉ መቶ ሺዎች ተራ እየጠበቁ ናቸውና ከተራ አላስወጣም አለ። አሜሪካ የገባችው በ1947 ነው። ይህን የሚያመሰግን አለ፤ ጭካኔ ነው የሚልም አለ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 20 ቀን በ64 ዓመቱ ሞተ። ለ12 ዓመታት በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር ሥራ ያዘዘ ሰው የተወው በብድር የተያዘ ቤትና ጥቂት የጦርነት ቦንድ ብቻ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሕግ ሰው ሕይወት ለመሐንዲስ የሚተርፉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ንጹሕ ውል የሥራው የመጀመሪያ መሠረት ነው፤ ገንዘብም የሚመጣው በመታመን ነው። ሁለተኛ፣ ፕላኑ ገንዘቡን ቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ዕድል ሲመጣ የሚጠቀምባት አስቀድሞ የተዘጋጀው ነውና። ሦስተኛ፣ መሐንዲሱ ሕጉን ለጠበቃ፣ ጠበቃው ሥራውን ለሌላ ባለ ሥልጣን ጥሎ ዞር ያለ እንደ ሆነ፣ ድልድዩ ቀጥ ብሎ ቢቆምም ከተማዪቱ ልትዘነብል ትችላለች። ድልድዩ በየጊዜው እንደሚመረመር ሁሉ የቆመበት ሕግም ሊመረመር ይገባዋል።